በብድር መረጃ ላይ ያለአግባብ የጠቆረ ስም እንዴት ይጸዳል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተበዳሪዎች

ማስያዣው ተገምቷል፣ ንግድ ፈቃዱ ታድሷል፣ የጋብቻ ማስረጃው ሳይቀር ተያይዟል። ከዚያ የብድር ባለሙያው ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና «ብሔራዊ ባንክ ላይ ስምዎ አለ፤ እሱን ጨርሰው ይምጡ» ይላል። ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የብዙ ነጋዴ የብድር ጥያቄ የሚቆመው እዚህች ላይ ነው።

አባባሉ ግን ያሳስታል። ስም መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ከባንክ ተበድሮ በወቅቱ የሚከፍል ሰውም ስሙ እዚያው አለ። ደግሞም መረጃውን የጻፈው ብሔራዊ ባንክ አይደለም። በብሔራዊ ባንክ ያለው የብድር መረጃ ማዕከል የሚያሳየው ባንኮችና ሌሎች አበዳሪዎች የላኩለትን ነው። የጻፈው ያበደረዎት፣ ወይም «አበድሬዋለሁ» የሚለው ተቋም ነው፤ ማረም ያለበትም እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ወይ የከለከለውን ባንክ ሲለማመጥ ወር ይፈጃል፣ ወይ በቀጥታ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄድና «መጀመሪያ ባንክህን ጠይቅ» ተብሎ ይመለሳል። የከለከለዎት ባንክ መረጃውን ማንበብ እንጂ ሌላው ባንክ የጻፈውን መሰረዝ አይችልም።

ምን እንደተጻፈ በትክክል ይወቁ

«ስምዎ አለ» የሚለውን ይዘው ከባንክ አይውጡ። የብድር ባለሙያውን በትህትና እነዚህን ይጠይቁት፦ መረጃውን የላከው የትኛው ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ነው? የተፈቀደው ብድር ስንት ነው፣ መቼ ተሰጠ፣ መቼ ያበቃል? ቀሪ ተብሎ የተመዘገበው ስንት ነው? ደረጃው ምንድን ነው? እኔ የተመዘገብኩት በተበዳሪነት ነው፣ በዋስነት ወይስ በድርጅት ባለድርሻነት? የተያዘው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርስ የእኔ ነው?

ህትመቱን ቢሰጥዎት ጥሩ፤ ካልሰጠዎት በወረቀት ይገልብጡት። ሪፖርቱ የወጣበትን ቀን መጻፍ አይርሱ፤ በኋላ በጣም ያስፈልግዎታል።

ደረጃው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ባለሙያዎቹ የሚጠሩት በእንግሊዝኛው ነው፦ ፓስ፣ ስፔሻል ሜንሽን፣ ሰብስታንዳርድ፣ ዳውትፉል፣ ሎስ። በአማርኛ ጤናማ፣ ልዩ ክትትል የሚያስፈልገው፣ ከደረጃ በታች፣ አጠራጣሪ፣ ኪሳራ እንደማለት ነው። በአጭር ጊዜ ብድር ለረዥም ዘመን በተሠራበት ምደባ መሠረት፣ ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ሲዘገይ ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል፤ 90 ቀን ሲሞላው ከደረጃ በታች፣ 180 ሲሞላው አጠራጣሪ፣ 360 ሲያልፍ ኪሳራ ይባላል። ብድር «ተበላሸ» የሚባለው ከ90 ቀን ጀምሮ ነው። ልዩ ክትትል ላይ ያለ ሰው የሚጠየቀው ማብራሪያ ነው፤ ኪሳራ ላይ ያለውን ግን ማንም ባንክ አይነካውም። ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ደብዳቤ አይጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ባንኩ ለተበላሸ ብድር ከትርፉ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ኪሳራ ለተባለ ብድር ደግሞ የቀሪውን ያህል ሙሉ በሙሉ። ያለአግባብ ኪሳራ ተብሎ የተመዘገበ የ400,000 ብር ብድር ባንኩንም ይጎዳዋል። ሥራ አስኪያጁን ሲያነጋግሩ ይህንን ማንሳት ከልመና ይሻላል።

ስህተቱ ከየት ይመጣል

ከሁሉም የሚበዛው ቅሪት ዕዳ ነው። ሰውየው የመጨረሻውን ክፍያ ከፈልኩ ብሎ ሄዷል፤ ሂሳቡ ግን አልተዘጋም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመክፈያ ሠንጠረዡ ላይ የመጨረሻው ክፍያ 12,400 ብር ነው እንበል፤ ወለዱ 17 በመቶ። እርስዎ 6 ቀን አሳልፈው 12,400 ብሩን አስገቡ። ባንኩ መጀመሪያ የሚቆርጠው ወለዱን ነው። የ6 ቀኑ ወለድ 12,400 በ17 በመቶ ተባዝቶ፣ ለ365 ተካፍሎ፣ በ6 ሲባዛ 34 ብር ከ65 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ከዋናው ብድር 34 ብር ከ65 ሳንቲም ሳይከፈል ቀረ፤ የማዘግየት ቅጣት ካለ እሱም ይጨመራል። ለ34 ብር ማንም አይደውልልዎትም። ሲስተሙ ግን ቀን መቁጠሩን አያቆምም፤ 90 ቀን ሲሞላ ብድሩ ተበላሸ ይላል። ከዓመት በኋላ ለሌላ ብድር ሲቀርቡ «360 ቀን ያለፈው ዕዳ» ሆኖ ይጠብቅዎታል።

እንዲህ ባለው ጉዳይ የእኛ ምክር ቀላል ነው፦ ስለ 34 ብር አይሟገቱ። የዕለቱን ቀሪ አስልተው እንዲነግሩዎት ያድርጉ፣ በዚያው ዕለት ይክፈሉ፣ ሂሳቡ ዜሮ መሆኑን የሚያሳይ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ይውሰዱ፤ ከዚያ እርማት ይጠይቁ። «የዕለቱን» ያልነው በምክንያት ነው። ዛሬ ያስሰሉትን ነገ ቢከፍሉ የአንድ ቀን ወለድ ደግሞ ይቀራል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ሁለተኛው ሞክሼ ነው። ወሎ ሞክሼ የሚበዛበት አገር ነው፤ ሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ «ሰይድ መሐመድ አሊ!» ብሎ የተጣራ ስንቱ ዞር እንደሚልለት ይገምቱ። በዚያ ላይ ባንኮች ስም የሚመዘግቡት በላቲን ፊደል ነው። መሐመድ አንዱ ባንክ ጋ በአንድ ኤም፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤም፣ ሦስተኛው ጋ በኦ ፈንታ በዩ ይጻፋል። ሰይድም እንደዚያው ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በትክክል ከተሞላ ችግር የለውም፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ወይም ባዶ ከቀረ ግን የሌላ ሰው ዕዳ እርስዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እዚህ ላይ ምክራችን ከላይኛው ተቃራኒ ነው፦ የእርስዎ ላልሆነ ዕዳ አንዲት ብር እንኳን አይክፈሉ። «ትንሽ ናት፣ ከፍዬ ልገላገል» ብለው የከፈሉት ገንዘብ ዕዳው የእኔ ነው ብሎ እንደማመን ይቆጠርብዎታል። የሚያስፈልግዎት የመለያ ቁጥር ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ እና «በዚህ የብድር ውል ላይ ያለው ፊርማና ፎቶ የማን እንደሆነ ይታይልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። የብድር ውሉ ፋይል ሲወጣ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይለያል።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ይህንን የሚጠረጥረው ጥቂት ሰው ነው። የባንኩ ሲስተም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራል፤ የእርስዎ ደረሰኝ ወይም በእጅ የተጻፈው ክሊራንስ (ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጸው ደብዳቤ) በእኛ ነው። ክሊራንሱ ላይ 10/04/2016 ከተባለ ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 20 ቀን 2023። ይህንኑ በፈረንጅ አንብቦ ያስገባ ሠራተኛ ግን ኤፕሪል 10 ቀን 2016 አድርጎታል፤ ብድሩ ገና ሳይሰጥ በፊት የተከፈለ ዕዳ! ሲስተሙ አልቀበልም ሲለው ደግሞ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ።

ገንዘብ ገብቶ ሳለ ብድሩ ያልተከፈለ የሚሆንበት ሌላ መንገድም አለ። ተበዳሪው በየወሩ ወደ ቁጠባ ሂሳቡ ያስገባል፤ ባንኩ እየቆረጠ ይወስዳል ብሎ ያምናል። ባንኩ በየወሩ እንዲቆርጥ የተሰጠው ቋሚ ትዕዛዝ ጊዜው ካለፈ፣ ወይም ሂሳቡ በሌላ ምክንያት ከታገደ፣ ገንዘቡ ከቁጠባው ሳይሻገር እዚያው ይቀመጣል። የሁለቱን ሂሳቦች ስቴትመንት ጎን ለጎን ካስቀመጡ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል። ገንዘቡ በመክፈያው ቀን በቁጠባው ውስጥ ከነበረ ጥፋቱ የባንኩ ነው ብሎ ለመከራከር ጠንካራ መሠረት አለዎት።

ዋስትና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለወንድምዎ ወይም ለጎረቤትዎ ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነ ስምዎ መመዝገቡ ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው በተበዳሪነት ከተጻፈ፣ ወይም ዋስ ከሆኑበት መጠን በላይ ከተመዘገበ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና የተሰጠበት ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ውሉን አስወጥተው ያንብቡት። በቡድን ዋስትና የተበደሩም ይህንኑ ያድርጉ፤ የቡድኑ ጠቅላላ ዕዳ በአንድ አባል ስም ብቻ ተመዝግቦ ይሆናል።

ብድር ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ሲዛወር የቀድሞው ሳይዘጋ ይቀርና ያው ዕዳ ሁለት ቦታ ይታያል። የመክፈያ ጊዜው የተራዘመለት ብድር በድሮው ሠንጠረዥ ይቆጠርና ያለፈበት ይመስላል። ከአብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የተወሰደ የቆየ ብድር ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የሚቀርበው ለፀደይ ባንክ ነው፤ አብቁተ ዛሬ ፀደይ ባንክ ነውና። የመክፈያ ደብተር ካለዎት ይዘው ይሂዱ። በቴሌብር መላ ወይም እንደኪሴ የተወሰደች ትንሽ ብድርም የምትረሳ ናት፤ ሲበደሩ የተቀበሉት ውል ላይ አበዳሪው ባንክ ማን እንደሆነ ተጽፏል፣ አቤቱታውም ለዚያ ባንክ ነው።

የ2014ቱ ክፍተት

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረበት ጊዜ ባንክ ሄዶ መክፈል አይቻልም ነበር። ከዚያ በፊት የተወሰደ ብድር ላይ ያለፈበት ቀን ሲቆጠር ያ ጊዜ ተካቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ባንኩ በኋላ የመክፈያ ጊዜ አራዝሞልዎት ከነበረ የማራዘሚያው ደብዳቤ ወይም ተጨማሪ ውል ዋና ማስረጃዎ ነው።

«ደረሰኜ ተቃጥሏል፣ የቅርንጫፉም ሰነድ ተዘርፏል» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙ ነው። ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። የባንክ ሂሳብ የሚቀመጠው በዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ እንጂ በቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ አይደለም። የቅርንጫፉ ወረቀት ቢጠፋ የብድር ሂሳቡ ስቴትመንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታተም ይችላል። «የለም» ከተባሉ የጠየቁትን በጽሑፍ ያድርጉት።

የሚያዙ ወረቀቶች

የብድር ሂሳቡን ስቴትመንት ብድሩ ከተሰጠበት ዕለት እስከ ዛሬ ያለውን ያውጡ። «የመጨረሻው ሦስት ወር» አይጠቅምም። ክሊራንስ ካለዎት ኮፒውን ያያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ። በስልክ የከፈሉትን ክፍያ ማመሳከሪያ ቁጥር ከመልእክቱ ላይ ይገልብጡ፤ ብዙ ባንኮች ዘንድ ዝውውር ኤፍቲ፣ በመስኮት የገባ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ቲቲ ብሎ ይጀምራል። ባለሙያው በስምዎ ከሚፈልግ በዚህ ቁጥር ቢፈልግ በደቂቃ ያገኘዋል። የኤቲኤም ደረሰኝ ቀለሙ ስለሚጠፋ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። የብድር ውሉ፣ የመለያ ቁጥር ምስክር ወረቀትና መታወቂያው ሲጨመሩ ፋይልዎ ሙሉ ነው።

ባለ ሂሳቡ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ከሆነ ሚስትም ሆነች እናት መረጃውን አይሰጣቸውም፤ የባንክ ምሥጢር ነው። ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ላይ «ከባንክ ብድር ጋር በተያያዘ መረጃ ለመጠየቅ፣ ስቴትመንትና ክሊራንስ ለመቀበል፣ አቤቱታ ለማቅረብ» የሚል በግልጽ ይጻፍበት። «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚለው አጠቃላይ ውክልና መስኮት ላይ ይመለሳል።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። በደልዎን አይተርኩ፤ የብድር ሠራተኛው የሚፈልገው ቁጥርና ቀን ነው። ለተከፈለ ግን ላልተዘጋ ብድር እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን፦ ______
ለ______ ባንክ ______ ቅርንጫፍ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ለብድር መረጃ ማዕከል የተላለፈ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም ስለመጠየቅ

በብድር ሂሳብ ቁጥር ______ የወሰድኩትን የ______ ብር ብድር በ______ ቀን በማመሳከሪያ ቁጥር ______ ከፍዬ ያጠናቀቅኩ ሲሆን ባንኩም በ______ ቀን በቁጥር ______ ክሊራንስ ሰጥቶኛል። ሆኖም በ______ ቀን በወጣ የብድር መረጃ ላይ ባንኩ ______ ብር ቀሪ ዕዳ እንዳለብኝና ደረጃውም ______ እንደሆነ አስመዝግቦ ተገኝቷል። ይህ ከተያያዘው ስቴትመንት ጋር አይጣጣምም።

ስለዚህ መረጃው እንዲታረም፣ እርማቱ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ተልኮ መላኩ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ፣ የማይታረምበት ምክንያት ካለም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር
አባሪ፦ ______ ገጽ
ግልባጭ፦ ለባንኩ ደሴ ዲስትሪክት

የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ «የማይታረምበት ምክንያት በጽሑፍ» የምትለው፣ ከደብዳቤው ሁሉ ዋጋ ያላት ናት። ወደ ላይ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ባንኩ ምን እንዳለ ነው።

ሕግ መጥቀስ ከፈለጉ ሁለት ይበቃሉ። አንዱ የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ነው፤ የፋይናንስ ተቋማት የደንበኛን አቤቱታ ተቀብለው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ሌላው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ ስለራስዎ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከዚህ በላይ አንቀጽ መደርደር ደብዳቤውን ወደ ሕግ ክፍል ያስመራዋል፤ እዚያ ደግሞ ይተኛል።

አገባቡ

በሁለት ኮፒ ያትሙት። አንዱን ያስገቡ፤ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም እና የተቀባዩ ቲተር ይረፍበት። ይህ ኮፒ የሌለው ሰው አቤቱታ አላቀረበም ማለት ነው። ቅርንጫፉ «አንቀበልም፣ በቃል እናስተካክላለን» ካለ ወደ ዲስትሪክቱ (የቅርንጫፎቹ የበላይ ጽሕፈት ቤት) መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ የኮምቦልቻ ሰው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያም ካልሆነ ከፖስታ ቤት በኢ.ኤም.ኤስ. ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፣ የወር መጨረሻም ደመወዝ አለ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ቢሄዱ የሚያዳምጥዎት ሰው ያገኛሉ።

«እሺ፣ እናስተካክለዋለን» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው አስሯል። ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ብሎት ይሆናል፤ ግን በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል፣ አዲሱ ደግሞ ምንም አያውቅም። ከዚህም በላይ መረጃውን ለማዕከሉ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፉ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ቅርንጫፉ ማድረግ የሚችለው ሂሳቡን መዝጋትና ወደ ላይ ሜሞ መጻፍ ነው። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው «የት ደረሰ?» አይበሉ፤ «ለዋናው መሥሪያ ቤት የተጻፈው ሜሞ ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሜሞ ካልተጻፈ ጉዳዩ ገና አልተነሳም። ከተጻፈ ቁጥሩን ይዘው ዋናው መሥሪያ ቤት ይደውሉ።

አቤቱታ ማቅረብ የሌላ ጉዳይ የጊዜ ገደብ እንደማያቆምም ይወቁ። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የተያዘ ንብረት ለመሸጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠዎት፣ የመረጃ እርማት ጠይቄያለሁ ብለው እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ በዚያው ቀን ጠበቃ ያነጋግሩ።

ባንኩ በጽሑፍ ከከለከለዎት፣ ወይም ደብዳቤዎን ተቀብሎ ዝም ካለ፣ ለብሔራዊ ባንክ ይጻፉ፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ፖ.ሣ.ቁ. 5550፣ አዲስ አበባ። የሚላከው ገቢ የሆነው ደብዳቤዎ ኮፒ፣ የባንኩ መልስ (ካለ)፣ ስቴትመንቱ፣ እና በቀን በቀን የተዘረዘረ የግማሽ ገጽ የጉዳዩ ሂደት ነው።

መረጃው እውነት ከሆነ

በእርግጥ ዘግይተው ከፍለው ከሆነ እርማት የሚባል ነገር የለም። መጠየቅ የሚችሉት አሁን ያለው ሁኔታ እንዲታደስ ነው፦ ዕዳው ተከፍሏል፣ ቀሪው ዜሮ ነው፣ ሂሳቡ ተዘግቷል። ያለፈው መዘግየት እንዳልነበረ እንዲሆን መጠየቅ ደብዳቤዎን ያበላሻል፤ ትክክለኛውንም ጥያቄ አብረው ይጥሉታል። ለአዲሱ ባንክ የዘገየበትን ምክንያት የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ ከማስረጃ ጋር ማቅረብ የበለጠ ያስኬዳል። ካፌ ተቀምጦ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ከመዝገቡ አስጠፋልሃለሁ» የሚል ደላላ ገንዘብዎን ይበላል፤ የሞባይል ባንክ ምሥጢር ቁጥር ወይም በስልክ የሚላክ ኮድ ከጠየቀዎት ደግሞ ሂሳብዎንም ጭምር።

በቼክ የተመዘገበ ከሆነ

ተመልሶ የመጣ ቼክ ሁሉ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ አይደለም። ቼክ በፊርማ አለመመሳሰል፣ በቀን ስህተት፣ በአኃዝና በፊደል ልዩነትም ይመለሳል። ከቼኩ ጋር የተሰጠችውን የመመለሻ ወረቀት ይፈልጉ፤ ምክንያቱ እዚያ ላይ ተመልክቷል። ፊርማ ተብሎ የተመለሰው «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ከተመዘገበብዎት ያቺ ወረቀት ብቻዋን ትበቃለች። የዕለቱን ስቴትመንት ጨምረው ሂሳብዎ ውስጥ ገንዘብ እንደነበር ያሳዩ። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስከስስ ስለሆነ፣ የቼክ ስህተት ከብድሩ ይልቅ በፍጥነት መታረም ያለበት ጉዳይ ነው፤ «በስንቅ ማነስ የተመለሰ ቼክ አለመኖሩ ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ሳይይዙ ከባንኩ አይውጡ።

ከታረመ በኋላ

እርማቱ በተላከ ማግስት ላይታይ ይችላል። የእርማት ደብዳቤውን እንደያዙ ወደ አዲሱ ባንክ ሲመለሱ፣ የብድር ባለሙያው ፋይልዎ ውስጥ ያለችውን የድሮዋን ህትመት አውጥቶ «አሁንም አለ» ሊልዎት ይችላል። መጀመሪያ ላይ ጽፈው ያስቀመጡት ቀን የሚጠቅመው እዚህ ነው። ህትመቷ ከእርማቱ በፊት የወጣች መሆኗን ያሳዩትና በዛሬ ቀን አዲስ እንዲያወጣ ይጠይቁት። አሮጌዋ ወረቀት ከፋይሉ ውስጥ እንድትወጣ፣ ወይም ቢያንስ አዲሷ ከላይዋ እንድትያያዝ ያድርጉ፤ የብድር ኮሚቴው ፋይሉን ሲገልጥ ዓይኑ የሚያርፈው መጀመሪያ ባገኛት ወረቀት ላይ ነው።